ፊዩሪ ለምን አንደኛ አልወጣም

ዋር ሮቦትስን የሚጫወት ሰው ሁሉ ያን የተለመደ የደረጃ ዝርዝር አይቶ ያውቃል፤ ከላይ ባለፈው ወር የገባው ሮቦት፣ ከታች ደግሞ እሱ ራሱ በእጁ ያለው። ዝርዝሩን የሚያወጡት ሰዎች አይዋሹም። ግን የሚጫወቱት በላይኛው ሊግ ነው፤ ሃንጋራቸው (የሮቦት ማቆሚያቸው) በገንዘብ ተሞልቷል፤ ኢንተርኔታቸውም አይንገዳገድም። እኛ ደግሞ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ የምንሰበሰብ፣ ለጨዋታው አምስት ሳንቲም የማናወጣ፣ ክረምት ሲገባ መብራትና ኔትወርክ እየተፈራረቁ የሚጠፉብን ተጫዋቾች ነን። የእነሱ አንደኛ ለእኛ አንደኛ ሊሆን የሚችልበት ምክንያት አልታየኝም። ስለዚህ የራሳችንን አወጣን፤ የርዕሱ ሮቦት ፊዩሪም አንደኛ አልወጣበትም።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ፒክሶኒክ የተባለው ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው የስልክ ጨዋታ ነው። ስድስት ለስድስት ይገጥማሉ። በተለመደው ፍልሚያ ሜዳው ላይ አምስት ቢኮኖች (ቡድኖቹ የሚሻሟቸው ቦታዎች) አሉ፤ ብዙ ቢኮን የያዘ ቡድን የተቃራኒውን ነጥብ እያሟጠጠ ይሄዳል። እያንዳንዱ ተጫዋች እስከ አምስት ሮቦት ያሰልፋል፤ አንዱ ሲወድምበት ሌላውን ያወርዳል። አዲስ ሮቦት ብዙ ጊዜ ጠንክሮ ይገባና ከጊዜ በኋላ ይስተካከላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሀየቺ፣ ቡልጋሳሪና ኩሚሆ የተባሉ ሮቦቶች በድንገት እየተፈተለኩ ከተኩስ ሲያመልጡ ሜዳውን ተቆጣጥረውት ነበር፤ በኋላ ጉልበታቸው ተቀነሰ። በዚያን ጊዜ የወጣ ዝርዝር ዛሬ ለታሪክ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። በዚህ ምክንያት እኛ የመዘንናቸው ያለ ገንዘብ የሚደረስባቸውን የቆዩትን ሮቦቶች ብቻ ነው።

ዘዴውን ያገኘሁት ከቡና ነው። የአክስቴ ልጅ ቡና ቀማሽ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። አንድ ቀን ሥራው ቦታ ሄጄ ሲቀምስ ቆሜ አየሁት። የተቆላው ቡና ተፈጭቶ በሲኒዎች ተቀምጧል፤ የፈላ ውሃ ይፈስስበታል፤ ከላይ የሚቋጠረውን ዱቄት በማንኪያ ጀርባ ይሰነጥቅና አፍንጫውን ወደ ሲኒው ይደፋል። ቀጥሎ አንድ ማንኪያ በጩኸት ይስባል፣ ይተፋል፣ ይጽፋል። ሲኒው ፊት ያለው ኮድ ብቻ ነው። ቡናው የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አይጻፍም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «አንተ ልጅ፣ ባለቤቱን ቀድመህ ካወቅህ ምላስህ ሥራ ይፈታል፤ ስሙ ይቀምስልሃል» አለኝ።

የነጥቡ አከፋፈልም ማረከኝ። ያልታጠበ ቡና ሲመዘን 40 ነጥቡ ለጥሬው ነው፤ ጉድለቱና ሽታው ይታያል። የቀረው 60 ለቅምሻው ሆኖ ለንጽህና፣ ለአሲዳማነት፣ ለውፍረትና ለጣዕም አሥራ አምስት አሥራ አምስት ይደለደላል። ይህን ሳይ የሮቦት ደረጃ የሚያወጡት ሰዎች አብዛኛውን ነጥብ ለጥሬው እየሰጡ እንደሆነ ገባኝ። ስንት ከባድ መሣሪያ ይሸከማል፣ ፍጥነቱ ስንት ነው፣ ብረቱ ምን ያህል ይችላል ይላሉ። ሲኒው ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሚዛኑን እንዳለ ወሰድነው። 40ው ለወረቀቱ፣ ማለትም ከፍልሚያ በፊት ስለ ሮቦቱ ለሚታወቀው ሆነ፦ የመሣሪያ ቦታዎቹ፣ ከደረጃ 1 እስከ 12 ለማድረስ የሚፈጀው የጨዋታ ብር (በጨዋታው ውስጥ የሚገኘው ተራ ገንዘብ) እና የመጠበቂያ ጊዜ፣ በእጃችን ያሉትን መሣሪያዎች መሸከም መቻሉ። 60ውን ለፍልሚያው ሰጠን፦ ቢኮን መያዝ 15፣ ሳይወድም መቆየት 15፣ ያደረሰው ጉዳት 15፣ ንጽህና 15። ንጽህናን ከቡናው ያለ ለውጥ ነው የተዋስነው። ከአንድ ናሙና ብዙ ሲኒ ይቀዳል፤ አንዱ ሲኒ መጥፎ ጣዕም ካመጣ ናሙናው ነጥብ ያጣል። አንድ ጊዜ ሜዳውን ጠራርጎ በሚቀጥለው ፍልሚያ ቢኮን ሳያይ የሚወድም ሮቦትም እንዲሁ ነጥብ እንዲያጣ አደረግን። ለእኛ ከአራቱ ሁሉ የከበደው ይኸው ሆነ፤ ምክንያቱን ከታች እመጣበታለሁ።

ስሙ እንዳይቀምስልን ሥራውን ከፈልን። ተጫዋቹ ፍልሚያውን በስልኩ ይቀርጻል። ቀረጻውን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ሮቦቱ ከወረደበት እስከ ወደመበት ያለውን ጊዜ፣ የያዛቸውን ቢኮኖችና ያወደማቸውን ሮቦቶች ይቆጥርና በወረቀት ላይ ከኮድ ፊደል ጋር ያሰፍራል። ነጥብ የምንሰጠው ሌሎቻችን ወረቀቱን ብቻ ነው የምናየው። በሁለት ሰዎች ነጥብ መካከል ሰፊ ልዩነት ከመጣ አማካይ አንወስድም፤ ተጨማሪ ፍልሚያ ተቀርጾ እንደገና ይመዘናል። አማካይ ጠብን ይሸፍናል እንጂ አይፈታም፤ ደግሞ ከጠቡ የምንማረው ከነጥቡ ይበልጥ ነበር።

ከመካከላችን ፊዩሪን የሚያመልክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ሦስት ከባድ መሣሪያ የሚሸከም ሮቦት ነው፤ ከሩቅ ቆሞ ሲተኩስ ግርማው ያስፈራል። ኮድ «ሐ» የሚለው ወረቀት ሲደርሰው ለጉዳቱ ጥሩ ነጥብ ሰጠ፤ ቢኮን ላይ ሲደርስ ግን «ይሄ ተራራ ላይ ቆሞ የሚያይ ተመልካች ነው እንዴ?» ብሎ ከ15ቱ 2 ጻፈ። ኮዱ ሲፈታ «ሐ» የራሱ ፊዩሪ ሆነ። «ሚዛናችሁ ተንጋዷል» አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ ግን የእሱ ነበር።

በእኔ አመለካከት ፊዩሪ መጥፎ ሮቦት አይደለም። እንደ ያማንታው ባለ ሰፊና ገላጣ ሜዳ፣ ቢኮን የሚሮጡለት ጓደኞች ካሉት ይጠቅማል። ከማያውቋቸው አምስት ሰዎች ጋር ለሚሰለፍ ተጫዋች ግን ሌሎቹም ከሩቅ መተኮስ ከመረጡ ማንም ቢኮን የሚይዝ አይኖርም፤ ሁሉም እየተኮሰ ጨዋታው ይሸነፋል። ናታሻ የተባለችው ሮቦትም በዚሁ ምክንያት ደረጃዋ ዝቅ አለ።

አንደኛ የወጣው ግሪፊን ነው። ሁለት መካከለኛና ሁለት ቀላል መሣሪያ ይሸከማል፤ ይዘላል። ሼንዘን በተባለው የጨዋታው ሜዳ ሕንፃዎች መካከል ዘሎ ወርዶ፣ ኦርካንና ፒናታ የተባሉትን የሮኬት መሣሪያዎች ከ300 ሜትር ውስጥ ካራገፈ በኋላ ግድግዳ ጀርባ ገብቶ እስኪሞላለት ይጠብቃል። ታራንና ማግነም የተባሉት የፕላዝማ መሣሪያዎች ከተጫኑበት ደግሞ እንደ አንሲል ያለ የኃይል ጋሻ አያቆመውም። ግን ንጽህናው ላይ ነጥብ ጣለ፤ ጥፋቱም የሮቦቱ ብቻ አልነበረም። ፒንጉ (የኔትወርኩ መዘግየት) ሲያሻቅብ ዝላዩ ዘግይቶ ይነሳል፤ ተጫዋቹ ግድግዳ ጀርባ ደርሻለሁ ሲል ሰርቨሩ ገና ሜዳው መሃል ያየዋል። ዝናብ በሚያወርድ ከሰዓት የተቀረጹት የግሪፊን ወረቀቶች ከጠዋቶቹ ጋር የአንድ ሮቦት አይመስሉም ነበር።

ሁለተኛ የሆነው ጋላሃድ በዚህ በኩል ከሁሉም በለጠ። ጋሻ ይዞ የሚሄድ ስለሆነ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይም ጋሻው ከፊቱ አይጠፋም። ከጎኑ የሚፈነዳ ሮኬት ይጎዳዋል፤ ሆኖም ከፍልሚያ ፍልሚያ ውጤቱ ብዙም አይዋዥቅም። ሦስተኛው ሊዮ ነው። ይህን ዝርዝር ከውጭ ተጫዋቾች ጋር የሚያስተያይ ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ከባድና ሦስት ቀላል መሣሪያ፣ ወፍራም ብረት፣ በጨዋታ ብር የሚገዛ። ጀማሪ ወርቅ (ውዱን የጨዋታ ገንዘብ) ሳያጠራቅም የሚደርስበት በመሆኑ ከወረቀቱ 40 ብዙውን ሰበሰበ።

ሮጋትካን ስንት ቁጥር ላይ እንደምናስቀምጠው ብዙ ተከራከርን። ፈጣንና ዘላይ ነው፤ መጀመሪያ ሲወርድ የመሃሉን ቢኮን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይይዛል። ፍልሚያው አጋማሽ ላይ፣ ሜዳው በከባድ መሣሪያ ሲሞላ ካወረዱት ግን ወዲያው ይወድማል። ነጥቡ በሚወርድበት ተራ ይህን ያህል ከተለያየ አንድ ቁጥር መስጠት ማታለል ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ለሁለት ከፈልነው፦ መጀመሪያ የሚወርድ እና ተተክቶ የሚወርድ። ሮጋትካ በመጀመሪያው አንደኛ ሆነ፤ በሁለተኛው ስሙ የለም።

እንደኛ ደረጃ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው የምለው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለማን እንደሚያወጣ ይወስን፤ ሊጉን፣ ኪሱንና ኔትወርኩን ወረቀቱ አናት ላይ ይጻፍ። ቀኑንም አብሮ ያስፍር፤ አንድ የጨዋታ ማሻሻያ ሲገባ የድሮው ነጥብ ይሻራልና። ቆጣሪው ነጥብ ሰጪ አይሁን። አንድ ሰው ቆጥሮም ነጥብም እንዲሰጥ ሞክረን ነበር፤ ግሪፊን የሚወድ ቆጣሪ የግሪፊንን ሰከንዶች ሲያበዛ ማየት አይከብድም።

ያላለቀው ጎለም ነው። አንድ ቀላል፣ አንድ መካከለኛና አንድ ከባድ መሣሪያ ይሸከማል። ሦስቱንም ለአንድ ርቀት የመረጠለት ተጫዋች ያስመዘገበው ነጥብና ሦስቱን ለሦስት የተለያየ ርቀት የጫነበት ያስመዘገበው ጨርሶ አይገናኙም። አሁን ለአንድ ሮቦት ሁለት ኮድ ሰጥተን እያንዳንዱን የመሣሪያ አገጣጠም ለብቻው እየመዘንን ነው፤ ልዩነቱ በዚሁ ከቀጠለ ግሪፊንንም በኦርካንና በታራን ለይተን እንደገና ልንመዝነው ነው።