ጡብ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው

ዛሬ ማታ ዝናቡ ሲጀምር አጂ ትዝ አሉኝ። ሰኔ በመጣ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። ህንድ አገር ፑኔ ከተማም ዝናብ የሚገባው በዚሁ ሰሞን ነው።

ህንድ የሄድኩት ለማስተርስ ነበር። ያከራዩኝ ሴትዮ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አጂ ይላቸዋል፤ በማራቲ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እኔም አጂ አልኳቸው። እሳቸው ቤታ ይሉኛል፣ ልጄ እንደማለት። የኔ ሂንዲ ስብርብር ያለ ነው፣ የእሳቸው እንግሊዝኛም እንደዚያው። ግን እንግባባለን።

በሁለተኛው ዓመቴ ታናሽ ወንድሜ አረፈ። መርዶውን በስልክ ሰማሁ። ለቲኬት የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም። አልቀበርኩትም። ሠልስቱንም ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ዘመዳችን ደወለች። ስታጽናናኝ ቆየችና "እንግዲህ የማን ጡር እንደሆነ እሱ ያውቃል" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ግን ያቺ ቃል ውስጤ ገብታ ቀረች። ሌሊት ሌሊት የቤታችንን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ ጥፋት እፈልግ ነበር። አባቴ ማንን በደለ? እኔስ ማንን አስለቀስኩ?

አንድ ቀን አጂ ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጠየቅኳቸው። "አጂ፣ የወንድሜ ነገር ካርማ ነው?" ካርማ በሂንዱ እምነት ሰው የሠራው ሥራ፣ ያለፈው ሕይወቱም ጭምር፣ ተመልሶ የሚያመጣበት ፍሬ ነው። አዎ ይሉኛል ብዬ ነበር። ቱልሲ ከሚባለው ቅዱስ ተክል የተሠራ መቁጠሪያ ከአንገታቸው የማይለይ፣ ንጋትና ምሽት የሚጸልዩ ሴት ናቸው። ሰፌዱን አስቀመጡት። "ያንን ቃል እኔ ለራሴ ነው የምለው፤ ለሰው አልለውም" አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ሻይ ጣዱ።

የእሳቸው ልጅ በሃያዎቹ ዕድሜው በመኪና አደጋ እንደሞተ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ስለ ካርማ የነገሩኝ ቀስ እያሉ ነው። በፍላጻ መስለው ነበር ያስረዱኝ፤ ምሳሌው ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። በኮሮጆ ውስጥ የተከማቸ ፍላጻ አለ፤ ከብዙ ሕይወት የተጠራቀመው ሳንቺታ ነው። ከደጋኑ የወጣ ፍላጻ አለ፤ ፕራራብዳ ይባላል፣ እሱን መመለስ አይቻልም። ሦስተኛው ገና እጅሽ ላይ ያለው ነው። ወዴት እንደምትወረውሪው ዛሬ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። እኔ ካርማን እንደኛ የአርባ ቀን ዕድል አድርጌ ነበር የምረዳው፤ አንዴ ተጽፎ ያለቀ ነገር። አጂ ግን ብዙ የሚያወሩት ስለዚያ ሦስተኛው ነበር።

በዚያው ሰኔ ዋሪ መጣ። ዋሪ ፑኔ ያለችበት የማሃራሽትራ ግዛት ሕዝብ መንፈሳዊ የእግር ጉዞ ነው። የቅዱስ ቱካራም የጫማ ምስል ከዴሁ፣ የሌላው ቅዱስ የግያኔሽዋር (ግያንባ ይሉታል) ደግሞ ከአላንዲ በሠረገላ ይወጣል። ሁለቱም በፑኔ ያልፋሉ። ሕዝቡ ተከትሎ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሦስት ሳምንት ግድም፣ የአምላካቸው የቪታል ቤተ መቅደስ ካለበት እስከ ፓንዳርፑር ከተማ። ሴቶች የቱልሲ ተክል በራሳቸው ተሸክመው፣ ወንዶች ጸናጽልና ከበሮ ይዘው፣ "ግያንባ ቱካራም! ግያንባ ቱካራም!" እያሉ። አጂ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ አንድም ዓመት አልቀሩም።

ቱካራም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ነው። በ1630 እ.ኤ.አ. በጀመረው ታላቅ ረሃብ የመጀመሪያ ሚስቱ "እህል፣ እህል" እያለች ሞተች። ይህን በግጥሙ የተናገረው እሱ ራሱ ነው። ልጁም ሞተ፣ ንግዱም ወደቀ። ሰዎች የተበደሩበትን ወረቀት ወንዝ ውስጥ ጣለው ይባላል። በሌላ ግጥሙ ደግሞ አምላክ ሆይ፣ መክሰሬ በጀኝ፣ ረሃቡም በጀኝ፣ ወዳንተ መለሰኝ ይላል። ይሄን ስሰማ ተናደድኩ። ሚስት ሞታ ምኑ ነው የበጀው? ለአጂም እንዲሁ አልኳቸው። "ስለ ራሱ እኮ ነው ያለው" አሉኝ። "ሌላው ሰው መጥቶ በጀህ ቢለው ኖሮ ኃጢአት ነበር።"

ሌላው ሰው እንዲያ ብሎ የተናገረበት ጊዜም አለ። ቾካሜላ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ርኩስ ናቸው ተብለው አይነኬ ከሚባሉት የማሃር ወገን የተወለደ አማኝ ነው። የፓንዳርፑሩን አምላክ ቪታልን ከልቡ ይወድ ነበር፤ ቤተ መቅደሱ ግን አላስገባውም። የቀድሞ ሕይወትህ ፍሬ ነው ተባለ። ልጁ ካርማሜላ በግጥሙ ይህን እየጠየቀ ተቆጣ። አባትየው ደጅ ላይ ሆኖ ዘመረ። ግንብ ወድቆበት ሲሞት አጥንቶቹ የተለዩት "ቪታል" ሲሉ ተሰምተው ነው ይባላል። መቃብሩ ዛሬም ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ያ በር ለወገኖቹ የተከፈተው ሳኔ ጉሩጂ የተባሉ ሰው ከጾሙ በኋላ፣ በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ስድስት መቶ ዓመት! ይሄን ሲነግሩኝ አጂ ቀና ብለው አላዩኝም። "እኛ ነን የዘጋነው" ነው ያሉት።

ቪታል ጡብ ላይ የቆመ ጥቁር ምስል ነው፤ እጆቹ ወገቡ ላይ። ፑንዳሊክ የሚባል ሰው እናትና አባቱን ሲያገለግል አምላክ ከደጁ መጣ። ፑንዳሊክ ሥራውን አላቋረጠም። ጡብ ወረወረለትና እዚያ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ አለው። እስካሁን ቆሟል።

ያን ዓመት አንድ ቀን አብሬያቸው ተጓዝኩ፤ ከፑኔ እስከ ሳስዋድ። ዲቬ ጋት የሚባለውን አቀበት ስንወጣ ዝናብ ወረደብን። በሰው ጎርፍ መሃል ማንም አያየኝም ነበር፤ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አጂ እጄን ይዘው ዝም ብለው ተራመዱ።

ማታ ሳስዋድ ስንደርስ እግራቸው ውኃ ቋጥሯል። ባልዲ ፈልጌ እግራቸውን አጠብኩ። መጀመሪያ እንቢ አሉ፣ ከዚያ ተዉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው "እንግዲህ ዛሬም ትንሽ ይቁም" አሉ።

እኔ በመጨረሻው አውቶቡስ ፑኔ ተመለስኩ። እርጥብ ልብሴን ሳልቀይር እናቴ ጋ ደወልኩ። ወንድሜን በስሙ እየጠራን እስኪነጋ አወራን።