በሽንኩርት የጀመርኩት የሌላ አገር ምግብ

የሌላ አገር ምግብ በቤቱ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ቅመም በማፈላለግ ነው፤ እኔ ግን እጄ ከለመደው ከሽንኩርት መጀመርን መረጥኩ። ወጥ መሥራት የሚችል ሰው ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ሲያቁላላ፣ እንዳያርበትም ውኃ ጠብ እያደረገ ሲያማስል የኖረ ስለሆነ፣ ሽንኩርት ዋና የሆነባቸውን የፈረንሳይ፣ የሃንጋሪና የግብፅ ምግቦች ለመልመድ ብዙም አይቸገርም። የሚለያየው የእሳቱ አያያዝ ነው።

ከሁሉ ትዕግሥት የጠየቀኝ የፈረንሳዩ የሽንኩርት ሾርባ ነው። ይህ ሾርባ በፓሪስ የሌ ሃል ገበያ ሌሊቱን ሲሠሩ የሚያድሩ ሰዎች የሚሞቁበት ምግብ ነበር፤ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1969 ከከተማው ወጥቶ ወደ ራንዢስ ቢዛወርም የሾርባው ስም እስከ ዛሬ ከሥፍራው ጋር ይነሣል። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ያህል ሽንኩርት በቁመቱ በስሱ ከትፌ፣ ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት ከ50 ግራም የገበታ ቅቤና ከቁንጥር ጨው ጋር በዝግተኛ እሳት እጥደዋለሁ። መጀመሪያ ውኃውን ይለቅና ይሟሽሻል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ ወደ አንድ ሰዓት ሲጠጋ ግን ቀለሙ የጠይም ማር ይሆናል። ለቁሌት ሽንኩርቱ ሟሙቶ እንዲጠፋ እንፈልጋለን፤ እዚህ ግን ክሩ መታየት ስላለበት ቶሎ ቶሎ አይማሰልም። ከድስቱ ሥር የያዘውን ቡናማ ነገር በጥቂት የአጥንት መረቅ ፍቆ ማንሣት ያስፈልጋል፤ የሾርባው ጣዕም ያለው እዚያ ነው። የተነጠረ ቅቤ አላስገባበትም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ወደ ወጥ ይወስዱታል። ከላይ ከተጠበሰው ዳቦ ጋር የሚገባውን የግሩዬር አይብ በፕሮቮሎኔ ተክቻለሁ፤ ጣዕሙ ቀለል ያለ ቢሆንም አቀላለጡ ያስደስታል።

የሃንጋሪው ጉላሽ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ሽንኩርት፣ ጅማት ያለው የበሬ ሥጋ፣ ቀይ በርበሬና ድንች። ይሁንና በበርበሬው ላይ ልማዳችንን መተው ግድ ይላል። እኛ በርበሬን ከቁሌቱ ጋር እሳት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እናበስለዋለን፤ የሃንጋሪው ፓፕሪካ ግን ስኳሩ በቀላሉ ስለሚያር፣ ድስቱን ከእሳት አውርጄ ፓፕሪካውን ከለወስኩ በኋላ ወዲያው ሥጋውንና ውኃውን እጨምራለሁ። አንዳንዶች በድልህ ወይም በተቀመመ በርበሬ ይተኩታል፤ እኔ አልመክርም፤ የሚወጣው ጥሩ ወጥ እንጂ ጉላሽ አይደለም።

ለጾም ቀን የያዝኩት የግብፁን ኮሸሪ ነው፤ ሩዝ፣ ድፍን ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ በአንድ ሳህን ተደርበው፣ የቲማቲም ስጎና በነጭ ሽንኩርትና በከሙን የተቀመመ ኮምጣጤ ይፈስባቸዋል። ክክ ምስር ስለሚፈርስ አይሆንም። ሽምብራውን አሳድሬ በፕሬዠር ኩከር እቀቅለዋለሁ፤ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ በተራ ድስት የጥራጥሬ ነገር አልበስል እያለ ነዳጅ ይጨርሳል። ሽንኩርቱን በስሱ ከትፌ፣ ጥቂት ዱቄት ነስንሼበት፣ በብዙ ዘይት እጠብሰዋለሁ፤ ካወጡት በኋላም መጥቆሩን ስለማያቆም፣ ወርቃማ እንደሆነ አንሥቶ ወረቀት ላይ መበተን ነው። ዘይቱ አይደፋም፤ በሽንኩርቱ ጣፍጦ ስለሚቀር ስጎውን የማቁላላው በእርሱ ነው። ጥብሱ ሽንኩርት ሳህኑ ላይ የሚበተነው ሁሉም ሰው ገበታ ከቀረበ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተነሰነሰ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል።