በግጭ ሜዳ፣ መንገድ የሚጠየቅ ሰው በሌለበት

ባለፈው ጥቅምት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንቃ በር ተነስተን ግጭ አደርን፤ በማግሥቱም 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው እሜት ጎጎ ወጣን። ጠዋቱ ብሩህ ስለነበር ከገደሉ አፋፍ ሆነን ቆላውን እስከ ሩቅ አየን። ስንመለስ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ሜዳውን ሸፈነው። እኔና አንዷ ጓደኛዬ አብሮን ይጓዝ ከነበረው የፓርኩ ጠባቂ፣ ከስካውቱ፣ ቀድመን ስለነበር፣ መንገዱ ለሁለት በተከፈለበት ቦታ ምልክት ፈልገን ስናጣ ሰፋ ያለውን መረጥን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን መንገዱ እየቀጠነ ሄዶ በጓሳው ሣር ውስጥ ጠፋ፤ ከፊታችንም ከጥቂት ጅብራዎች በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ገደሉ በየት በኩል እንዳለ ማወቅ ስላልቻልን እጅግ ፈራን።

ስካውቱ ድምፃችንን ተከትሎ ደረሰልን። «አይዟችሁ ልጆቼ፤ ጉም ሲመጣ ባሉበት መቆም ነው» ካለን በኋላ፣ የተከተልነው መንገድ የግጭ ሰዎች ከብት ይነዱበት የነበረ መሆኑን ነገረን።

የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የልቅ ግጦሹ ጫና ከባድ ስለነበር ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ሲባል መደረጉን እረዳለሁ፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። ነገር ግን በአገራችን መንገደኛ የሚመራው በእረኛ ነው፤ መንታ መንገድ ላይ የደረሰ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል፣ ከማዶም መልስ ያገኛል። በግጭ የከብቱ መንገድ እንዳለ ቀርቶ እረኛው ስለሄደ፣ ቀድሞ የማያስፈልገው ምልክት ዛሬ የግድ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ትልልቅ ሰሌዳ አልመኝም፤ በየመንታው የድንጋይ ካብ፣ በላዩም የቦታው ስምና አቅጣጫው በአማርኛ ቢጻፍ ይበቃል። የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ለማመልከትም ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች የተሻለ አዋቂ ስለማይኖር፣ ሥራው ለእነርሱ በክፍያ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

ወደ ካምፑ ስንመለስ ስካውቱ በየመንታው እየቆመ የቦታውን ስም ይነግረን ነበር። አሥራ አንድ ስሞች በማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ፤ በያዝሁት ካርታ ላይ አንዳቸውም አልነበሩም።