ከ20ው በ18ቱ ተስማምተን ነበር

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ ጤና ተቋም የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ከባልደረባዬ ጋር 20 ወጣቶችን ለየብቻ አነጋግረን፣ የሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ቅድመ ምልክት «አለ» ወይም «የለም» ብለን ሳንተያይ ጻፍን። በ18ቱ ተስማማን። 90 በመቶ! ቡና አስፈላን።

ደስታው እስከ ማታ ነበር። ሁለታችንም «አለ» ያልነው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ 17ቱ ማንም የማይስታቸው ጤነኞች ነበሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው፣ ካፓ በሚባለው ስሌት በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ብቀንሰው 0.44 ወጣ፤ ፍጹም ስምምነት 1 ነው።

ያልተስማማንባቸውን ሁለቱን መልሰን አየን። አንደኛው ከጻድቃኔ ማርያም ጠበል የመጣ ልጅ ነው። ስሙ ሲጠራ ሰምቷልና «አለ» ብዬ ነበር። ባልደረባዬ ግን መቼና ስንት ጊዜ ብላ ጠይቃዋለች፤ በሱባኤ፣ በባዶ ሆድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከተመለሰም እርሻው ላይ ነው።

ሁለተኛዋ ታሳፍረኛለች። «ድምፅ ይሰማሻል?» ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኋት። «በስመ አብ! ደኅና ነኝ» አለች፤ «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ባልደረባዬ እናትየውን ለብቻ አስቀምጣ «እማማ፣ በጥምቀት እንዴት ነበረች? በፋሲካስ?» አለቻቸው። ከጥምቀት ወዲህ ገበያ መውጣት ትታለች፤ ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ጎረቤት የጋገረውን እንጀራ አትቀምስም፤ ሌሊቱንም በር ስትፈትሽ ታነጋለች። ለካስ ቀን የሚቆጠረው በበዓል ነው! እኔ «ከስንት ወር ጀምሮ?» እያልኩ ስደክም ኖሬአለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰውን የምናነጻጽረው ከቀድሞው ከራሱ ጋር ነው። የአእምሮ ሐኪሞቹ አሊሰን ዩንግና ፓትሪክ ማክጎሪ በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ካዘጋጁት የቅድመ ምልክት መመዘኛም የምልክቱን ክብደት፣ ድግግሞሹንና የሚያስከትለውን ጭንቀት ለየብቻ መመዘንን ወሰድን። በዚያው መመዘኛ፣ ሙሉ ጉልበት ያለው ምልክት ያለ መድኃኒት ከሳምንት በላይ ከዘለቀ ቅድመ ምልክት መሆኑ ያበቃል፤ ሕመሙ ራሱ ነው።

በሌሎች 20 ወጣቶች ደገምነው፤ ካፓው 0.83 ሆነ። የተለያየነው በአንድ ጫት ቃሚ ልጅ ብቻ ነው። ሌሊት አይተኛም፣ የሚከተሉት ሰዎች እንዳሉም ይጠረጥራል። ጫቱን ለአንድ ወር አቁሞ እንዲመለስ ቀጠርነው፤ እስከዚያ ታላቅ እህቱ በየሳምንቱ ትደውልልናለች።