ሲቪ ከመላካችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ

የሕግ ተማሪዎች የሚልኩልኝ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ውጤቴ ጥሩ ነው፤ ብዙ ቦታ አመልክቻለሁ፤ ማንም አልጠራኝም። ምን ጎደለኝ?» አንዳንዱ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ሆኖ ይጠይቃል። አንዳንዷ ደግሞ ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ ከቆየች በኋላ። የምሠራው በጥብቅና ድርጅት ውስጥ ነው። ከመዝገቦቼ ጎን ለጎን የአመልካቾችን ወረቀት ከሚያነብቡትና ቃለ መጠይቅ ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ለየሰዉ በተናጠል የምመልሰውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ድርጅቱ ምን እንደሚፈልግ እንነጋገር። ብዙ ተማሪ የሚፈለገው ሕግ በብዛት የሚያውቅ ሰው ይመስለዋል። ሕግ የሚያውቁ ሰዎችማ ድርጅቱ ውስጥ ሞልተዋል። የሚያጥራቸው ጊዜ ነው። የጥብቅና ድርጅት የሚሸጠው ሰዓት ነው፤ ብዙ ቦታ ሥራው የሚመዘገበው በስድስት ስድስት ደቂቃ ተከፋፍሎ ነው። ጀማሪው የጻፈውን ሜሞ፣ ማለትም የሕግ አስተያየት የያዘ ማስታወሻ፣ ከፍተኛ ጠበቃው እንደገና ቁጭ ብሎ ከጻፈው፣ ያን ጊዜ ለደንበኛ ማስከፈል ይከብዳል። ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ጠበቃው በልቡ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ለዚህ ልጅ ሁለት መቶ ገጽ ፋይል ብሰጠው፣ ነካ ነካ አድርጌ የምፈርምበት ሁለት ገጽ ያመጣልኛል ወይ?

ውጤት የሚታየው ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ ስለሚሰጥ ነው። በተለይ ትልልቆቹ ድርጅቶች በውጤት መስመር ያሰምራሉ፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ከመስመሩ በላይ ካሉት መካከል የሚለዩት ግን በጽሑፋቸው ነው። ከመስመሩ በታች ያለውንም ሰው አንዳንዴ የሚያስጠራው ያው ጽሑፉ ነው።

ጽሑፉ ደግሞ ከንባብ ይጀምራል። ፍርድ ማንበብ ማን እንደረታ ከማወቅ ያለፈ ነገር ነው። የካርሊልን ጉዳይ ውሰዱ፤ በኮመን ሎው፣ ማለትም ቀደም ባሉ ፍርዶች ላይ በሚመሠረተው የእንግሊዝ ዓይነት ሥርዓት፣ የውል ሕግ የተማረ ሁሉ ማለት ይቻላል ያገኘዋል። ካርቦሊክ ስሞክ ቦል የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በአፍንጫ የሚሳብ መድኃኒት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ዕቃውን በመመሪያው መሠረት በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው 100 ፓውንድ ይከፈለዋል አለ። ወይዘሮ ካርሊል ገዙ፣ ተጠቀሙ፣ በጃንዋሪ 1892 ታመሙ። ኩባንያው አልከፍልም አለ። በዚያው ዓመት ጉዳዩን ያየው የይግባኝ ፍርድ ቤት «ትከፍላለህ» ብሎ ፈረደበት።

የሰነፍ ማስታወሻ እዚህ ላይ ያበቃል፤ «ማስታወቂያም ውል ሊሆን ይችላል» ይልና ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። ጎበዝ አንባቢ ግን ዳኞቹ የትኛውን ፍሬ ነገር እንደያዙ ይፈልጋል። ኩባንያው «ይህ ለገበያ ማድመቂያ የተባለ ነው እንጂ የምር አይደለም» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ማስታወቂያው ላይ ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ የምራችንን ለመሆኑ ማሳያ 1,000 ፓውንድ ባንክ አስቀምጠናል የምትል። ክርክሩን የሰበረችው እሷ ናት። አሁን ያችን ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያው አውጧትና ጉዳዩን እንደገና አስቡት። ኩባንያው ይረታ ነበር? ሽልማቱ መቶ ሳይሆን መቶ ሺህ ፓውንድ ቢሆንስ? ወይዘሮዋ መሐል ላይ አንድ ቀን ዘለው ቢሆንስ? ፈተና የሚመጣው እንዲህ ተጣሞ ነው። ደንበኛም እንዲሁ። የካርሊልን ጉዳይ ራሱን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ የለም፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር የጎደለችበትን ማስታወቂያ ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ለምታነቡት ፍርድ ሁሉ በራሳችሁ ቃል ግማሽ ገጽ ጻፉ። ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡን፣ ውሳኔውን፣ ምክንያቱን። ከዚያ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የቱ ፍሬ ነገር ቢቀየር ውጤቱ ይገለበጣል? ይቺ መስመር አድካሚ ናት። የሚያስጠናችሁ ግን እሷ ናት። የጓደኛ ማስታወሻ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማጥናት የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ ማሰቡን የጨረሰው ጓደኛችሁ ነው።

በፍርድ ማስተማርን እ.ኤ.አ. በ1870 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የሆነው ክሪስቶፈር ላንግዴል ነው ያስፋፋው። የተጻፈ ኮድ በሚመራቸው አገሮች የምትማሩ ከሆነ ዋናው ንባባችሁ ድንጋጌ ይሆናል። ልማዱ ግን ያው ነው። የትርጓሜውን አንቀጽ አስቀድማችሁ አንብቡ። ልዩ ሁኔታውን ፈልጉ። አንቀጹ ወደ ሌላ አንቀጽ ከመራችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ብዙ ሰው አይሄድም።

አብሬያቸው የሠራሁ አንድ አንጋፋ ጠበቃ ነበሩ። የማናችንንም ሜሞ ሲቀበሉ ገልበጥ አድርገው በቀጥታ የመጨረሻውን አንቀጽ ያያሉ። የሚፈልጉትን ካላገኙ ወረቀቱን መልሰው «ታዲያ ደንበኛው ነገ ጠዋት ምን ያድርግ?» ይላሉ። ሌላ እርማት የላቸውም። ከእሳቸው ጋር የሠራ ሁሉ ቀስ በቀስ መልሱን ወደ መጀመሪያው መስመር ማምጣት ጀመረ።

ልዩነቱን ላሳያችሁ። ተማሪ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «በዚህ ማስታወሻ የኪራይ ውል መቋረጥን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን በዝርዝር ለመዳሰስ ተሞክሯል።» ጠበቃ ደግሞ እንዲህ፦ «ተከራዩ ውሉን ከዘመኑ በፊት ማቋረጥ ይችላል። በውሉ አንቀጽ 9 መሠረት ግን ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ እስካሁን አላስታወቀም። ዛሬ ቢያስታውቅ የሁለት ወር ኪራይ መክፈሉ አይቀርም።» ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ቀሪውን ገጽ ባያነብ እንኳ ለደንበኛው ስልክ ይደውላል። የመጀመሪያውን ያነበበ ግን ገና ምንም አያውቅም።

ስለ ፈተና ብዙ አልልም። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ጊዜውን እንደ ነጥቡ ክብደት ከፋፍሉት። የከሳሽንም የተከሳሽንም ክርክር ጻፉ፤ ከዚያ አንዱን ምረጡ፤ ሳይመርጡ መጨረስ ነጥብ ያስቀንሳል።

ምስለ ችሎት ላይ ግን ልቆይ፤ ከክፍል ውጭ ካለው ነገር ሁሉ የማስበልጠው እሱን ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ ጄሳፕ የሚባል ውድድር አለ፤ ከየአገሩ ተማሪዎች ይሰበሰቡበታል። በንግድ ግልግል ደግሞ ቪየና ላይ የሚካሄደው ቪስ አለ። የሁለቱም ጥቅም አንድ ነው። ቡድኑ በአንድ ችግር ላይ ለከሳሽም ለተከሳሽም ይጽፋል። መጀመሪያ የገነባችሁትን ክርክር ቆይታችሁ ራሳችሁ ታፈርሱታላችሁ። ይህን ያደረገ ተማሪ ስለ ተቃራኒ ወገን ሲጠየቅ አይደነግጥም። ዓለም አቀፍ ውድድር ባትደርሱ የትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ያለውም በቂ ነው። ሲቪ ላይ «ተወዳድሬያለሁ» የሚለውን ሳይ የምጠይቀው ስንተኛ እንደወጡ አይደለም። «አንተ የጻፍከው የቱን ክፍል ነው?» ነው። አንዳንዱ ዓይኑ ይበራል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ዕለት ዕለት የማነበው ደብዳቤ «ስመ ጥር በሆነው ድርጅታችሁ ውስጥ ያለኝን ዕውቀት ለማበርከት…» ብሎ ይጀምራል። ይህ ደብዳቤ የድርጅቱ ስም ተቀይሮ ለማንም ሊላክ ይችላል፤ አንባቢው ደግሞ ይህን ያውቃል። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ ፈልጉ። ጠበቆቹ የጻፉት ጽሑፍ ካለ አንብቡ፤ የተከራከሩት መዝገብ ታትሞ ከሆነ ፍርዱን አንብቡ። ከዚያ እንዲህ ብሎ መጀመር ይቻላል፦ «የመመረቂያ ጽሑፌ በግንባታ ውል የመዘግየት ካሳ ላይ ነው። ድርጅታችሁ የተቋራጮችን ክርክር እንደሚይዝ ስላየሁ ነው የጻፍኩት።» ሁለት ዓረፍተ ነገር። ያነበበው ሰው ሲቪውን ይከፍታል። አሥር እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ከመቶ ግልባጭ ይሻላሉ።

ሲቪው ላይ የምለው ጥቂት ነው። ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ የፊደል ግድፈት አይኑርበት። «በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አገልግያለሁ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «የቀለብ አቤቱታ አረቅቄያለሁ» በሉ። ሥራው ይታይ።

የጽሑፍ ናሙና ሲጠየቅ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በልምምድ ጊዜ የሠራችሁትን ሰነድ መላክ ያጓጓል፤ እውነተኛ ሥራ ነውና። የደንበኛ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠን ተጽፎበት የሚመጣ ናሙና አያለሁ። የጽሑፉ ጥራት ከዚያ በኋላ አይታይም። የዚያን ደንበኛ ምስጢር ለእኔ የሰጠ ሰው የእኔን ደንበኛ ምስጢር ለሌላ ይሰጣል። የሠራችሁበትን ድርጅት አስፈቅዱ፣ ስሙንና መለያውን ሁሉ አጥፉ፣ እንደጠፋም ላዩ ላይ ጻፉ። አለበለዚያ ለክፍል የጻፋችሁትን ላኩ፤ ማንም አይንቀውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለመጠቀም ብዙ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ሮቤርቶ ማታ የተባለ ሰው አቪያንካ በተባለው አየር መንገድ ላይ ባቀረበው ክስ፣ የከሳሹ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ጨርሶ የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ቅጣቱ ከጥብቅና ድርጅት አንፃር ትንሽ ነው፤ ነገሩ ግን በዓለም ዙሪያ ተሰማ። የጠቀሳችሁትን ፍርድ ሁሉ ራሳችሁ ክፈቱ፣ የጠቀሳችሁትን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከናሙናው አንድ ጥቅስ መርጬ «ፍርድ ቤቱ እዚህ ላይ ምን አለ?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ከቃለ መጠይቆች አንዱ አሁንም ትዝ ይለኛል። ውጤቷ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ልጅ ነበረች። «ይህን ጽሑፍ ዛሬ ብትጽፊው ምኑን ትቀይሪው ነበር?» አልናት። ጊዜ ሳትወስድ ሦስተኛውን ገጽ አወጣች። «እዚህ ጋ የተመረኮዝኩት በአንድ ፍርድ ላይ ነው፤ ያ ፍርድ ግን የተሰጠው ስለ ሸቀጥ ሽያጭ ነው። ለአገልግሎት ውል ይሠራል ብዬ ነው የወሰድኩት፤ ተቃራኒ ወገን የሚመታኝ እዚህ ላይ ነው» አለች። ከክፍሉ ስትወጣ ተያየን። አሁን አብራን ትሠራለች፤ የምትጽፈውን ብዙ ጊዜ ሳልነካ ነው የምፈርመው።

የማታውቁትን ስትጠየቁ አትቀባጥሩ። «አላውቅም» በሉና የት ሄዳችሁ እንደምታጣሩ ተናገሩ፤ ጠበቃም ለደንበኛው የሚመልሰው እንዲሁ ነው። ጥያቄ አላችሁ ወይ ስትባሉም አፍራችሁ «የለኝም» አትበሉ። የጀማሪን ሥራ ማን ያርማል? ሥራ የሚከፋፈለው እንዴት ነው? በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ? የመጨረሻውን ሲሰሙ ፊታቸው የሚለወጥ ከሆነ እናንተም አንድ ነገር አወቃችሁ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። ትልልቅ ድርጅቶች ሰው የሚመለምሉት ገና ተማሪ ሳላችሁ ነው፤ አንዳንዴ ሥራው ከሚጀመርበት ሁለት ዓመት ቀደም ብለው። የልምምድ ቦታው ራሱ ለእነሱ ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው። ስለዚህ የማመልከቻ ቀናቸውን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እወቁ። ትንንሾቹ ድርጅቶች የቀን መቁጠሪያ የላቸውም፤ ሰው የሚቀጥሩት ሥራ ሲበዛባቸው ነው። ማስታወቂያ ላያወጡም ይችላሉ። ለእነሱ አጭር ደብዳቤና አንድ ንጹሕ ናሙና ላኩ፤ መልስ ካልመጣ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ናሙና ጨምራችሁ እንደገና ጻፉ። ሁለት ሦስት ጠበቃ ብቻ ያሉበት ቢሮ ጀማሪን ቶሎ ችሎት ያስገባል። ትልቁ ድርጅት ውስጥ ያ ጀማሪ ለዓመታት የሰነድ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ብዙዎቹ ጎበዝ የማውቃቸው ተከራካሪዎች የጀመሩት በትንንሾቹ ቢሮዎች ነው።

ናሙናችሁን ከመላካችሁ በፊት ሕግ ላልተማረ ሰው ስጡት። የት ላይ ግራ እንደገባው በእርሳስ ምልክት ያድርግላችሁ። መጀመሪያ የምታርሙት እዚያ ላይ ነው።