በጾም የሚያጠቡ እናቶች፦ የገና መልእክት ከአትላንቲክ ዳርቻ

ውድ ወዳጆቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በአገር ቤት ያላችሁ ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር፣ በየስደቱ አገር ያላችሁም ባላችሁበት፣ በዓሉን በጤናና በፍቅር እንድታከብሩ ከልቤ እመኛለሁ።

በዚህ ሰሞን የምጽፍላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አገር ናፍቆት ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከምኖርበት አካባቢ ብዙ ሳይርቅ ስለሚፈጸም ሌላ ልደት ላጫውታችሁ ወድጃለሁ። እኛ ጾመ ነቢያትን ይዘን ገናን በምንጠብቅባቸው ሳምንታት፣ ከካሮላይናዎቹ አንሥቶ በጆርጂያ በኩል እስከ ፍሎሪዳ በሚዘረጋው የአሜሪካ ዳርቻ፣ የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ግልገሎቻቸውን ይወልዳሉ። ወቅቱ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ይዘልቃል።

ከእነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ዛሬ በሕይወት የቀሩት 380 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ መውለድ የሚችሉት እንስቶች ደግሞ ወደ 70 ያህል ናቸው። የጥንት አዳኞች ከሌሎቹ አብልጠው ያሳደዷቸው ዝግ ብለው ስለሚዋኙ፣ ከዳርቻ ስለማይርቁና ከተገደሉም በኋላ ከስባቸው ብዛት የተነሣ ስለሚንሳፈፉ ነው፤ ስባቸው እየቀለጠ ለመብራት ዘይት ይውል ነበር። አደናቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ይሁን እንጂ ያን ያህል ዘመን አልፎም ቁጥራቸው ከመቶዎች ፈቀቅ አላለም፤ ጦሩ ቢቀርም መርከብና የዓሣ አጥማጅ ገመድ ተተክተውበታልና።

እናቲቱ በሞቃቱ ወራት በኒው ኢንግላንድና በካናዳ ውኃዎች፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታትን በብዙ ሚሊዮን እያጣራች ትመገባለች። ዓመት ያህል አርግዛ መውለጃዋ ሲደርስ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ትጓዛለች። የጆርጂያና የፍሎሪዳ ውኃ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ለአራስ ግልገልም የሚስማማ ነው፤ ለእርሷ ግን የሚበላ ነገር የለውም። ስለዚህ ወደ ሰሜን እስክትመለስ ድረስ ለወራት ምንም ሳትቀምስ፣ በሰውነቷ ካከማቸችው ስብ ወተት እየሠራች ታጠባለች። በእኛ ዘንድ አራስ ከጾም ነፃ ናት፤ ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ፣ ሾርባው ይቀርብላታል፤ ይህች እናት ግን የአራስነቷን ወራት በሙሉ በጾም ታሳልፋለች። የምታጠባው ግልገልም ሲወለድ 4 ሜትር ያህል ርዝመትና አንድ ቶን ገደማ ክብደት ያለው ነው።

ቀድሞ አንዲት እናት አንዱን ወልዳ ሌላውን ለመድገም ሦስት ዓመት ያህል ይበቃት ነበር፤ አሁን ግን ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ይወስድባታል። በአፏ ወይም በጅራቷ የተጠላለፈ ገመድ ለወራት የምትጎትት እንስት፣ ለርግዝና ልታውለው የሚገባትን ጉልበት ነፍሷን ለማቆየት ትጨርሰዋለች። የባሕሩ መሞቅም ምግባቸውን ከለመዱበት ስፍራ አርቆባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ እስከ 2018 መጀመሪያ በነበረው የወሊድ ወቅት አንድም ግልገል አልታየም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ፣ በየዓመቱ የመጀመሪያው ግልገል ታየ የሚለውን ዜና የምጠብቀው እንደ ዘመድ የምሥራች ነው።

በፍሎሪዳ ከምትገኘው ከሴንት ኦገስቲን ከተማ በስተ ደቡብ ካለ ዳርቻ፣ ባሕሩ በረጋበት አንድ የጥር ማለዳ እናትና ልጅ አይቻለሁ። በመጀመሪያ የታየው የእናቲቱ ትንፋሽ ነው፤ አየር የምታወጣባቸው ቀዳዳዎች ሁለት ስለሆኑ ትንፋሿ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ ጀርባዋ ብቅ አለ፤ ጥቁር፣ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ብዙ ዓሣ ነባሪዎች በጀርባቸው የሚይዙት ክንፍ ስለሌላት ልብ ብሎ የማያይ ሰው በቀላሉ ያልፋታል። ግልገሉ በአንድ ጎኗ ወጥቶ ጀርባዋ ላይ ይጋደምና በሌላው ጎኗ ይንሸራተታል፤ ጭንቅላቱን አውጥቶ በአገጯ በኩል ይታከካታል፤ መልሶ ይሰወራል። እርሷ ግን ከስፍራዋ ንቅንቅ አትልም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ባይኖኩላራቸውን ሳያወርዱ የእያንዳንዷን ትንፋሽ ሰዓት በማስታወሻ ደብተር ይመዘግቡ ነበር።

ሴትዮዋ በዚያው ዳርቻ ባለችው በማሪንላንድ አካባቢ በየዓመቱ ዳርቻውን ተከፋፍለው ከሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናቸው። በእነዚህ ሰዎች እጅግ እደነቃለሁ፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች ሲሆኑ፣ በብርድና በነፋስ ቆመው ቀኑን ሙሉ ምንም ሳያዩ የሚመለሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲያዩ ግን ያነሡት ፎቶግራፍ ትልቅ ዋጋ አለው። በእያንዳንዱ ዓሣ ነባሪ ራስ ላይ፣ ደቃቅ ተባዮች ስለሚሰፍሩበት ነጣ ብሎ የሚታይ ሻካራ ቆዳ አለ፤ ቅርጹም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በቦስተን የሚገኘው የኒው ኢንግላንድ አኳሪየም በዚህ ምልክት እየለየ እያንዳንዱን በቁጥር መዝግቦታል፤ ለብዙዎቹም ስም ወጥቶላቸዋል። በመሆኑም አንዲት እናት ስትታይ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስንት እንደወለደች፣ መቼ እንደቆሰለች ይታወቃል።

ሲሞቱም በስም ይታወቃሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካውም ስኖው ኮን የተባለችው እናት ታሪክ ነው። የመጀመሪያ ግልገሏ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 በኒው ጀርሲ ባሕር በጀልባ ተመትቶ ሞተ። በ2021 ራሷ በገመድ ተጠላለፈች፤ የነፍስ አድን ቡድኖች ከገመዱ የተወሰነውን ቢቆርጡላትም ሙሉ በሙሉ ሊያላቅቋት አልቻሉም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ገመዱን እየጎተተች፣ በጆርጂያዋ የካምበርላንድ ደሴት አጠገብ፣ ከአዲስ የተወለደ ግልገሏ ጋር ታየች። በመስከረም 2022 በናንተኬት ደሴት በስተ ደቡብ ስትገኝ ግን ግልገሏ አብሯት አልነበረም፤ ሰውነቷ መንምኖ ሌላ ገመድም ተጨምሮባት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልታየችም።

በየካቲት 2021 በሴንት ኦገስቲን አጠገብ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አንድ ግልገል ገጭቶ ገደለ፤ እናቱን ኢንፊኒቲንም አቆሰላት። በ2024 መጀመሪያም ጁኖ የተባለች የሌላ እናት ግልገል ጭንቅላቱ በጀልባ መዘውር ተቆራርጦ በደቡብ ካሮላይና ታየ፤ ከሁለት ወር በኋላ ሬሳው በካምበርላንድ ደሴት ተገኘ። እናትና ልጅ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብለው ለረጅም ጊዜ ስለሚያርፉ፣ በፍጥነት የሚመጣ ጀልባ ነጂ ጥቁሩን ጀርባ የሚያየው ከረፈደ በኋላ ነው። ደግሞም ድምፃቸው አይሰማም። ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ ግልገል የያዘች እናት የምታሰማው አጭርና ዝቅ ያለ ድምፅ አጠገቧ ላለው ልጇ ብቻ የሚበቃ ነው። ያ ዝምታ ከሻርክና ከመሳሰሉት አዳኞች ሊሰውራቸው ይችላል፤ ከሞተር ግን አያድናቸውም።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 20 ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ርዝመት ያላቸው መርከቦች በወሊዱ ወቅት በተከለሉት ስፍራዎች በሰዓት ከ10 ኖት፣ ማለትም ከ18.5 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሄዱ በሕግ ታዝዘዋል። ኢንፊኒቲንና ግልገሏን የገጨው ጀልባ ከዚያ መጠን ያነሰ ስለነበር ሕጉ አይመለከተውም ነበር። ከ10.7 ሜትር ገደማ ጀምሮ ያሉትን ጀልባዎች ጭምር ለማካተት በ2022 የቀረበው ረቂቅ ደንብ በጥር 2025 ተሰርዟል። ኑሯቸው በባሕር ላይ የሆነ ሰዎች ያሰሙት ሥጋት ይገባኛል፤ መተዳደሪያን የሚነካ ደንብ ሲመጣ ማንም ይጨነቃል። ቢሆንም እናቶቹ 70 ያህል ብቻ በቀሩበት ጊዜ ያ ረቂቅ መሰረዙ ከባድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። በገመዱ በኩል ግን ተስፋ የሚሰጥ ሥራ አለ፤ ሸርጣንና ሎብስተር የሚያዝበት የማጥመጃ ሣጥን ወደ ላይ የሚዘረጋ ቋሚ ገመድ ሳይኖረው በባሕሩ ግርጌ ይቀመጥና፣ አጥማጁ ከጀልባው የድምፅ ምልክት ሲልክለት ብቻ ተንሳፋፊው ይለቀቃል። ዋጋው ገና ውድ ስለሆነ ለአጥማጆቹ ድጋፍ ሊደረግላቸው ይገባል።

በአትላንታና በአካባቢዋ ከምትኖሩት ወገኖቼ ብዙዎቻችሁ ከሳቫና ወደብ ኮንቴይነር ትጭናላችሁ። ያን ጭነት የሚያመጡት መርከቦች በእነዚህ እናቶች መካከል አልፈው ነው የሚገቡት፤ በዚህ ወቅት ዝግ ብለው እንዲገቡ መታዘዛቸው ተገቢ መሆኑን በሥራ ቦታ ወሬው ሲነሣ ብትናገሩ ደስ ይለኛል። ጀልባ ያላችሁ ወይም የምትከራዩ ደግሞ፣ ከእነዚህ ዓሣ ነባሪዎች በ457 ሜትር መራቅ ሕግ መሆኑን አስቡ፤ ድሮንም ከዚያ ርቀት ውስጥ አይፈቀድም። የቆሰለ ወይም ገመድ የያዘው ካያችሁ በሬዲዮ ቻናል 16 ለባሕር ጠረፍ ጠባቂ ንገሩ እንጂ ራሳችሁ ልትፈቱት አትጠጉ።

ገና አልፎ ጥምቀትን ካከበርን በኋላ ጾመ ነነዌ ይመጣል፤ ያኔም እናቶቹ ገና እዚሁ ናቸው። የዮናስን ታሪክ ስናነብ አንበሪው ይታወሰናል፤ መጽሐፉ የሚያበቃው ግን እግዚአብሔር ለነነዌ ስለራራበት ምክንያት ሲናገር ነው። በዚያ የመጨረሻ ቃል ውስጥ ከሰዎቹ ጋር ብዙ እንስሶችም ተቆጥረዋል። ይህን ንባብ ሁልጊዜ እወደው ነበር፤ በዚህ ዳርቻ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ቀርቦኛል።

በጥርና በየካቲት ባሉት ቅዳሜዎች፣ ነፋሱ ጋብ ባለ ቀን፣ ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ዳርቻው መውረድ የምትፈልጉ ጻፉልኝ፤ አብረን እንሄዳለን። ወፍራም ልብስና ትኩስ ሻይ ያዙ፤ ባይኖኩላር ለልጆቹ እኔ አመጣለሁ።