ጎበዝ ኦፐሬተር ሁሉ ሱፐርቫይዘር አይደለም

ዛሬ ድሬዳዋ ላይ ለልብስ ፋብሪካ የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘሮች ሥልጠና ሲሰጥ ነው የዋለው። ጎበዝ ኦፐሬተር (የስፌት ማሽን ሠራተኛ) ስለሆነ ብቻ የተሾመ ሰው እጁ ያውቃል እንጂ ማሳየት አልተማረም። አዲሷን ልጅ "እንደዚህ አድርጊ" ብሏት ያልፋል፤ ኮሌታው ሲጣመም ሰው ፊት ይቆጣታል። እሷም መጠየቅ ትተዋለች፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ትለቃለች።

እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 አሜሪካ ለጦርነት ጊዜ ፋብሪካዎቿ የተጠቀመችበት ባለ 4 ደረጃ ዘዴ አሁንም ይሠራል፦ ሠራተኛውን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ከፋፍሎ ማሳየት፣ ራሱ እንዲሞክረው ማድረግ፣ ከዚያ እየተመለሱ ማየት። ብዙዎች የሚዘሉት ሦስተኛውን ነው። ልጅቷ እየሰፋች "ጠርዙን እንዲህ የምይዘው ጨርቁ እንዳይሳብ ነው" ብላ ምክንያቱን በራሷ አፍ መናገር አለባት። ራሷን መነቅነቋ አይበቃም፤ በተለይ እዚህ እኛ ጋ፣ ማስረዳቱ በአማርኛ ሆኖ እሷ አፍ የፈታችው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ከሆነ።

ሥልጠናው ብቻውን ግን ቶሎ ይተናል። ኃላፊው በማግስቱ የሚጠይቀው የምርት ኮታ ብቻ ከሆነ ሱፐርቫይዘሩ ለማሳየት ጊዜ ከየት ያመጣል? እባካችሁ፣ አዲስ ሰው የገባበትን መስመር ኮታ ለጥቂት ቀናት ቀንሱለት። ሱፐርቫይዘሩ ሲመዘንም ከምርቱ ሌላ ተበላሽቶ ተፈትቶ እንደገና በሚሰፋው ልብስና ሥራ በሚለቀው ሰው ብዛት ጭምር ይሁን።